እንቅልፍና ፓርኪንሰን፦ ከመንቀጥቀጡ ዓመታት ቀድመው በሌሊት ስለሚታዩ ምልክቶች ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

እነዚህን ጥያቄዎች ደጋግመው የሚያነሱት በሕልማቸው የሚጮኹና የሚማቱ አረጋውያን ያሏቸው ቤተሰቦች ናቸው፤ የተጠቀሱት ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ፓርኪንሰን ምን ዓይነት በሽታ ነው?

ፓርኪንሰን ዶፓሚን የተባለውን ንጥረ ነገር የሚያመነጩ የአንጎል ሴሎች ቀስ በቀስ እየሞቱ ሲሄዱ የሚከሰት፣ ከዓመት ዓመት እየጠና የሚሄድ በሽታ ነው። ዶፓሚን እንቅስቃሴያችን የተሳለጠ እንዲሆን ስለሚያደርግ፣ ሲጎድል እጅ ሥራ ፈትቶ በተቀመጠበት ይንቀጠቀጣል፣ ሰውነት ይገትራል፣ እርምጃ ያጥራል፣ ፊት ደስታም ኀዘንም የማይነበብበት ይሆናል፣ የእጅ ጽሑፍም እየደቀቀ ይሄዳል። አብዛኛውን ጊዜ የሚታየው ዕድሜ ወደ 60 ሲጠጋ ወይም ካለፈ በኋላ ቢሆንም፣ በወጣትነታቸው የሚያዙም አሉ።

በሽታው ስያሜውን ያገኘው በ1817 የስድስት ሰዎችን ሕመም ዘርዝሮ ከጻፈው የለንደን ሐኪም ከጄምስ ፓርኪንሰን ነው። እርሱ ገና ያኔ የታማሚዎቹ እንቅልፍ እንደሚታወክ አስተውሎ ጽፏል። ከእርሱ በኋላ የመጡት ሐኪሞች ግን ለረጅም ዘመን ትኩረታቸውን የሰጡት ለሚንቀጠቀጠው እጅ ነበር።

እጅ የሚያንቀጠቅጥ በሽታ ከእንቅልፍ ጋር ምን አገናኘው?

በፓርኪንሰን በሽታ አልፋ ሳይኑክሊን የተባለ ፕሮቲን ቅርጹን እየሳተ በነርቭ ሴሎች ውስጥ ይከማቻል። ጀርመናዊው የአናቶሚ ሊቅ ሃይኮ ብራክና ባልደረቦቹ በ2003 ባቀረቡት ማብራሪያ መሠረት፣ በብዙ ታማሚዎች ይህ ክምችት የሚጀምረው አንጎልን ከኅብለ ሰረሰር ጋር ከሚያገናኘው የአንጎል ግንድ የታችኛው ክፍልና ሽታን ከሚለየው ክፍል ሲሆን፣ እንቅስቃሴን ወደሚመራው ስፍራ የሚደርሰው ዘግይቶ ነው። እንቅልፍን የሚያስተካክሉት ሴሎች ከሚገኙባቸው ቦታዎች አንዱ ይኸው የአንጎል ግንድ በመሆኑ፣ እጅ መንቀጥቀጥ ከመጀመሩ ከብዙ ዓመታት በፊት ሌሊቱ ሊታወክ ይችላል።

መንቀጥቀጡ ለዓይን በሚታይበት ጊዜ ዶፓሚን ከሚያመነጩት ሴሎች ግማሽ ያህሉ ወይም ከዚያ የሚበልጡት ጠፍተዋል። የሽታ መጥፋት፣ ሥር የሰደደ የሆድ ድርቀትና ድባቴም ከእንቅልፉ ጋር አብረው ቀድመው ሊመጡ ይችላሉ፤ ወጡ ሲያርር ወይም ቡናው ሲቆላ አልሸትህ ያለው ሰው ይህንን ከእርጅና ጋር ብቻ እያያያዘ ማለፍ የለበትም።

ከእንቅልፍ ለውጦች ሁሉ ይበልጥ ሊተኮርበት የሚገባው የትኛው ነው?

ሕልምን በእጅ፣ በእግርና በድምፅ መሥራት ነው። ሰውየው በሕልሙ ሲጣላ በእውን ቡጢ ይሰነዝራል፣ ሲሮጥ አልጋው ላይ እግሩን ያወራጫል፣ ሲሳደብ ቤቱ ሁሉ ይሰማዋል። ይህን በሰዎች ላይ እንደ ራሱን የቻለ ሕመም ለይተው በ1986 ያቀረቡት በአሜሪካ በሚኒያፖሊስ ይሠሩ የነበሩት ካርሎስ ሼንክ፣ ማርክ ማሆዋልድና ባልደረቦቻቸው ናቸው። በሕክምናው ቋንቋ የሬም እንቅልፍ ጠባይ መዛባት ይባላል።

ባለቤቶች የሚናገሩት ታሪክ እጅግ ይመሳሰላል። ቀን ላይ ድምፃቸው የማይሰማ፣ ጨዋ የተባሉ ሰው ናቸው። ከሌሊቱ 10 ሰዓት ላይ «ያዘው! በዚያ በኩል ዞረ!» እያሉ ይጮኻሉ፣ ግድግዳውን በእግራቸው ይመታሉ፣ ራስጌ ያለውን የውኃ ብርጭቆ ጠርገው ይጥላሉ። ባለቤታቸው ትከሻቸውን ይዘው ሲነቀንቋቸው ወዲያው ይነቁና «ጅብ በጎቹ መሐል ገብቶ ነበር» ይላሉ። ሕልሙ አብዛኛውን ጊዜ እንዲህ ያለ ነው፤ አውሬ ወይም ሰው ጥቃት ይሰነዝራል፣ ሕልመኛውም ራሱን ወይም ቤተሰቡን ለማዳን ይታገላል። ጠዋት የባለቤቱን የተመታ ክንድ አይቶ የሚደነግጠውና የሚያፍረው ራሱ ነው፤ እርሱ ይህን ሆን ብሎ እንዳላደረገው ቤተሰቡ ሁሉ ሊያውቅለት ይገባል።

ጤናማ ሰው ሕልም ሲያይ ለምን አይማታም?

ሕያውና ታሪክ ያላቸው ሕልሞች በብዛት የሚታዩት ሬም በሚባለው የእንቅልፍ ክፍል ነው። ስሙ ዓይኖች ከሽፋናቸው ሥር ወዲያና ወዲህ በፍጥነት መንቀሳቀሳቸውን የሚያመለክት ሲሆን፣ ይህን ክፍል በ1953 ይፋ ያደረጉት የቺካጎ ዩኒቨርሲቲዎቹ ዩጂን አሰሪንስኪና ናትናኤል ክላይትማን ናቸው። ከአዋቂ ሰው እንቅልፍ ከአንድ አምስተኛ እስከ ሩብ የሚሆነውን ይይዛል። በዚህ ሰዓት አንጎል ነቅቶ እንዳለ ያህል ይሠራል፤ ነገር ግን ከአንጎል ግንድ የሚወርድ ትእዛዝ ከዓይንና ከመተንፈሻ ጡንቻዎች በስተቀር አብዛኛውን ሰውነት ስለሚያስረው፣ ሕልሙ ሕልም ሆኖ ይቀራል። ፈረንሳዊው ሚሼል ዡቬ በ1960ዎቹ ሊዮን ከተማ ውስጥ ባደረገው ምርምር፣ ይህን ትእዛዝ የሚሰጠው ስፍራ የተጎዳባቸው ድመቶች ተኝተው ሳሉ ተነሥተው የሌለ አደን ሲያሳድዱ ታይተዋል። በሰዎችም ላይ የሚሆነው ተመሳሳይ ነው፤ ማሰሪያው ይላላል።

ብዙ ሰዎች ይህን ከዱካክ ጋር ያቀላቅሉታል። ዱካክ የያዘው ሰው ነቅቶ፣ አካባቢውን እየሰማ መንቀሳቀስም መጮኽም ያቅተዋል፤ ደረቱ ላይ አንዳች ነገር የተቀመጠበት ይመስለዋል። ይህ የሚሆነው አእምሮ ከእንቅልፍ ወጥቶ ማሰሪያው ግን ገና ሳይፈታ ሲቀር ስለሆነ፣ ከላይ ከተገለጸው ጋር ፍጹም ተቃራኒ ነው። ዱካክ ያስፈራል እንጂ የፓርኪንሰን ምልክት አይደለም።

አባቴ በእንቅልፋቸው ይቃዣሉ፤ ፓርኪንሰን ይዟቸዋል ማለት ነው?

ከዚህ ብቻ ተነሥቶ እንዲያ ማለት አይቻልም። አልፎ አልፎ መቃዠት፣ በእንቅልፍ ልብ ማውራት ወይም ትኩሳት ሲይዝ መባነን በሁሉም ቤት ያለ ነገር ነው። የሚያሳስበው ዕድሜያቸው ከ50 ያለፈ ሰው ቀድሞ የማያውቁትን ነገር ሲጀምሩ፣ ሌሊቱ እየተደጋገመ ሲሄድና እንቅስቃሴው ከሕልማቸው ታሪክ ጋር ሲገጥም ነው።

ሰዓቱም ብዙ ይናገራል። ሬም እንቅልፍ እየረዘመ የሚሄደው ወደ ንጋት በመሆኑ፣ ይህ ዓይነቱ ትግል በብዛት የሚታየው ከሌሊቱ 9 ሰዓት ወዲህ ነው፤ ዓይናቸው ይከደናል፣ ከአልጋ ወርደው ርቀው አይሄዱም፣ ሲቀሰቀሱ ፈጥነው ይነቃሉ፣ ሕልሙንም ይናገራሉ። በእንቅልፉ ተነሥቶ የሚሄድ ሰው ግን በተኛ በመጀመሪያዎቹ ሰዓታት ዓይኑን ገልጦ ይነሣል፣ ሲቀሰቅሱት ይደነጋገራል፣ ጠዋትም ምንም አያስታውስም። የሚጥል በሽታም በሌሊት ሊነሣ ይችላል፤ በእያንዳንዱ ጊዜ ያው አንድ ዓይነት እንቅስቃሴ ሲደገም፣ ምላስ ሲነከስ ወይም ሽንት ሲያመልጥ ሐኪሙ ወደዚያ ያስባል።

ሁለት ነገሮች በተለይ ያሳስታሉ። አንደኛው ከከባድ ማንኮራፋት ጋር የሚመጣው የትንፋሽ መቆራረጥ ነው፤ አየር ያጠረው ሰው ሲባንን እጅና እግሩን ያወራጫል፣ የራሱ ሕክምናም አለው። ሁለተኛው ጦርነት ወይም ሌላ ሰቆቃ ያለፈበት ሰው የሚያየው ቅዠት ነው። በአገራችን የቀድሞ ወታደር የሌለበት ዘመድ ጥቂት ስለሆነ፣ የሰውየው የኋላ ታሪክ ሳይጠየቅ ወደ ድምዳሜ መሄድ ትልቅ ስሕተት ነው።

እንቅልፍ ማጣትና ቀን ላይ ማንቀላፋትስ ምልክት ይሆናሉ?

ሊሆኑ ይችላሉ፤ ግን እጅግ ደካማ ምልክቶች ናቸው። ፓርኪንሰን ያለባቸው ሰዎች ብዙ ጊዜ ለመተኛት ሳይቸገሩ ሌሊቱን እየተቆራረጡ ያነጋሉ፣ ለሽንት ደጋግመው ይነሣሉ፣ በአልጋ ላይ መገላበጥ ያቅታቸዋል፣ ቀን ላይ ያሸልባሉ፤ ማታ ማታ እግራቸውን እያቁነጠነጠ የሚያስቸግራቸውም አሉ። ይሁን እንጂ ጭንቀት፣ ስኳር፣ የፕሮስቴት ሕመም፣ የደም ማነስ፣ ጫትና ከሰዓት በኋላ የሚጠጣ ቡናም ይህንኑ ያመጣሉ። እንቅልፍ ስላጡ ብቻ ፓርኪንሰንን መፍራት አያስፈልግም።

የሚወሰድ መድኃኒት ይህን ሊያመጣ ይችላል?

አዎን። ለድባቴና ለሕመም ማስታገሻ የሚታዘዙ አንዳንድ መድኃኒቶች፣ ለምሳሌ ፍሉኦክሰቲን፣ ቬንላፋክሲንና አሚትሪፕቲሊን፣ የሬምን ማሰሪያ ሊያላሉ ይችላሉ። የአልኮል ሱሰኛ የነበረ ሰው ድንገት ሲያቆምም እንዲሁ ሊሆን ይችላል። መድኃኒቱ ከተጀመረ በኋላ የመጣ ችግር ከሆነ ለሐኪሙ መንገር እንጂ በራስ ሥልጣን ማቋረጥ አይገባም፤ ድባቴው ራሱ ሕይወት የሚያሳጣ ሊሆን ይችላልና።

በተቃራኒው፣ የሌሊቱ ጩኸት እንደ እብደት ተቆጥሮ ሃሎፔሪዶልን የመሰለ መድኃኒት ቢሰጥ ጉዳቱ ከፍ ያለ ነው። እንዲህ ያሉ መድኃኒቶች ዶፓሚንን ስለሚያግዱ መገተርና መንቀጥቀጥ ሊያመጡ፣ ያለውንም ሊያባብሱ ይችላሉ። ለማስመለስ የሚሰጠው ፕላሲል በሚል ስም የሚታወቀው መድኃኒትም በዚሁ ምክንያት ፓርኪንሰን ላለበት ሰው አይመከርም።

ሰዎች መንፈስ ነው ይላሉ፤ ጠበል ብንወስዳቸው ምን ችግር አለው?

በጨለማ፣ በማይታወቅ ድምፅ፣ ከማይታይ ጠላት ጋር የሚታገልን ሰው ያየ ቤተሰብ ወደዚህ ቢያስብ አይፈረድበትም። ጸሎትና ጠበል ለአማኙ መጽናኛ ናቸው፤ ሐኪም ዘንድ ከመሄድ ጋርም አይጋጩም። የሚጎዳው አንዱን ለሌላው ሲሉ መተው፣ መድኃኒት ማስቆም፣ ከሁሉ በላይ ደግሞ ሰውየውን ማሰርና መምታት ነው። የአንጎል ግንዳቸው የታወከ አረጋዊን ገመድ አይፈውሳቸውም፤ ሊሰብራቸው ግን ይችላል።

ሐኪም ዘንድ ስንሄድ ምን እንንገር? ምርመራውስ እንዴት ነው?

አብሮ የሚተኛው ሰው አብሮ ይሂድ። ብዙዎቹ ታማሚዎች ሌሊት ያደረጉትን ስለማያውቁ «እኔ ደህና ነኝ» ይላሉ፤ ምስክሯ ሚስት፣ ወይም አያቱ ጋር የሚተኛው የልጅ ልጅ ነው። መቼ እንደጀመረ፣ በሳምንት ስንት ሌሊት እንደሚሆን፣ በስንት ሰዓት እንደሚነሣ፣ ጉዳት ደርሶ እንደሆነ፣ የሚወሰዱትን መድኃኒቶች በሙሉ፣ ማንኮራፋት፣ የሽታ መጥፋትና የሆድ ድርቀት መኖር አለመኖራቸውን ጽፎ መያዝ ይጠቅማል። የሁለት ደቂቃ የሞባይል ቪዲዮ ደግሞ ከረጅም ገለጻ ይበልጣል፤ ሰውየው ሲነቁ ፈቃዳቸውን ጠይቁ፣ ከሐኪሙ ውጭም ለማንም አታሳዩት።

ማረጋገጫው ፖሊሶምኖግራፊ የሚባለው ሌሊቱን ሙሉ የሚደረግ ምርመራ ነው። የአንጎልን ሞገድ፣ የዓይንን እንቅስቃሴ፣ ትንፋሽንና የጡንቻን ውጥረት እየመዘገበ፣ በሬም ሰዓት ጡንቻው መላላት ሲገባው እንደተወጠረ መቅረቱን ያሳያል። ይህ መሣሪያ በአገራችን እንደ ልብ የሚገኝ ስላልሆነ፣ ብዙ ጊዜ የነርቭ ሐኪሙ የሚመራው በታሪኩ፣ በቪዲዮውና በአካል ምርመራው ነው። በአውሮፓ፣ በአሜሪካ ወይም በእስራኤል ለምትኖሩ ግን ምርመራውን በቤተሰብ ሐኪማችሁ በኩል መጠየቅ ይቻላል።

ለመጠየቅ አትፈሩ። አሜሪካዊው ተዋናይ አላን አልዳ በ2018 በቴሌቪዥን እንደተናገረው፣ አንድ ሰው ሲያጠቃው በሕልሙ አይቶ የድንች ጆንያ ወረወረበት፤ በእውን የወረወረው ግን ትራሱን ነበር፣ ያረፈውም ባለቤቱ ላይ ነው። ስለዚህ ምልክት ጋዜጣ ላይ አንብቦ ምርመራ ሲጠይቅ፣ ሐኪሙ «ምልክት የለብህም፣ ለምን ትፈልገዋለህ?» ብሎት ነበር። በአቋሙ ጸንቶ ሲመረመር በሽታው ተገኘበት።

ሕልማቸውን በአካል ከሚሠሩት ሰዎች ምን ያህሉ በመጨረሻ ፓርኪንሰን ይይዛቸዋል?

የሚኒያፖሊሶቹ ሐኪሞች በ1996 እንዳሳወቁት፣ ሲከታተሏቸው ከነበሩ 29 ወንዶች 11ዱ የፓርኪንሰን ዓይነት ሕመም ይዟቸው ነበር፤ በ2013 እንደገና ሲቆጥሩ ድርሻው ወደ 81 በመቶ አድጎ ተገኘ። በ2019 የታተመውና 24 የሕክምና ማዕከላት የተሳተፉበት ጥናት ደግሞ 1,280 ሰዎችን ተከታትሎ፣ በየዓመቱ ከመቶ 6 የሚሆኑት ወደ በሽታው እንደሚሻገሩ፣ በ12 ዓመት ውስጥም ቁጥሩ ወደ 74 በመቶ እንደሚደርስ ገምቷል።

እነዚህ ቁጥሮች ሲነበቡ ጥንቃቄ ያስፈልጋል። የተቆጠሩት በእንቅልፍ ምርመራ የተረጋገጠላቸውና በመድኃኒት ወይም በሌላ ሕመም ያልመጣባቸው ሰዎች ናቸው፤ በእንቅልፉ የሚያወራውን ሁሉ አይመለከቱም። የሚመጣውም ሁልጊዜ ፓርኪንሰን አይደለም፤ አልፋ ሳይኑክሊን የሚከማችባቸው ዘመዶቹ፣ ማለትም ሌዊ ቦዲ የሚባለው የመርሳት በሽታና እንቅስቃሴን፣ ሚዛንንና የደም ግፊትን የሚያውከው መልቲፕል ሲስተም አትሮፊ፣ ሊሆኑም ይችላሉ። በሌላ በኩል ፓርኪንሰን ያለባቸው ብዙ ሰዎች ይህ የሌሊት ትግል ከቶ አይታይባቸውም፤ ስለዚህ ሰላማዊ እንቅልፍ ብቻውን ዋስትና አይሆንም።

ሌሊቱን እንዴት ደህና ማድረግ ይቻላል? ሕክምናስ አለው?

ዛሬ ማታ የሚጀመረው ሥራ መኝታ ቤቱን ማስተካከል ነው። አልጋው ዝቅ ይበል፤ ሥሩ ፍራሽ ወይም ወፍራም ብርድ ልብስ ይነጠፍ። ብርጭቆ፣ ሹል ጠርዝ ያለው ኮመዲኖ፣ ፋኖስና ሻማ ከአጠገብ ይነሡ። ብዙ አባቶች ከዘራቸውን ራስጌ አስደግፈው፣ በገጠርም መሣሪያቸውን አጠገባቸው አድርገው ይተኛሉ፤ ይህ ሰው ሊያስገድል ስለሚችል ሌላ ክፍል ተቆልፎ ይቀመጥ። ሕፃናት አብረዋቸው አይተኙ፤ ባለቤታቸውም ሌሊቱ እስኪረጋጋ ድረስ ለብቻ ቢተኙ የፍቅር መጉደል ተደርጎ ሊታይ አይገባም። ሲታገሉ ከላይ ተደርቦ መያዝ አደጋ አለው፤ ራቅ ብሎ በስማቸው ደጋግሞ መጥራት ይሻላል።

ሐኪሞች የሚያዙት በአብዛኛው ሜላቶኒን ወይም ክሎናዜፓም ነው። ክሎናዜፓም አረጋውያንን ሊያደነዝዝና ሊጥል፣ ትንፋሻቸው የሚቆራረጥባቸውንም ሊያባብስ ስለሚችል ከመድኃኒት ቤት በልምድ ተገዝቶ የሚወሰድ አይደለም። ሁለቱም ሌሊቱን ያረጋጋሉ እንጂ የበሽታውን ጉዞ አያቆሙም፤ ጉዞውን እንደሚያስቆም የተረጋገጠ መድኃኒትም እስካሁን የለም።

ቀን ላይ መራመድ የሚያቅታቸው ሰው በሕልማቸው እንዴት እንዲህ በፍጥነት ይማታሉ?

ይህ ቤተሰብን ከሚያስደነግጡ፣ አንዳንዴም «ቀን ቀን እያስመሰለ ነው» ከሚያሰኙ ነገሮች አንዱ ነው። በ2007 ውጤታቸውን ያሳተሙ የፓሪስ ተመራማሪዎች የታማሚዎችን የትዳር አጋሮች ጠይቀውና ሌሊቱን በቪዲዮ ቀርጸው፣ በቀን የተገተረው እጅ በሕልም ሰዓት ፈጣንና ጠንካራ እንደሚሆን፣ የደከመው ድምፅም ጎልቶ እንደሚሰማ አሳይተዋል። እንደ ተመራማሪዎቹ ግምት፣ በዚያ ሰዓት ትእዛዙ የታመመውን የአንጎል ክፍል ሳይነካ በሌላ መንገድ ያልፋል። ስለዚህ ሌሊት የሚዘልሉት ሰውም፣ ጠዋት ቁልፍ መቆለፍ የሚያቅታቸው ሰውም እውነተኛ ናቸው፤ ማስመሰል የለም።

መድኃኒት ከሌለው ቀድሞ ማወቁ ምን ይጠቅማል? ለራሳቸውስ እንንገራቸው?

በመጀመሪያ ደረጃ ዛሬ ማንም እንዳይጎዳ ያደርጋል፤ የማይስማሙ መድኃኒቶችም እንዳይሰጧቸው ያስጠነቅቃል። እግርና እጅ ገና ሳይደክሙ የአካል እንቅስቃሴን ልማድ ማድረግ ለጤናቸው ይጠቅማል፤ በየጊዜው የሚያያቸው ሐኪም ካለም ምልክቱ ሲታይ በአንጎል ውስጥ ወደ ዶፓሚን የሚለወጠውን ሊቮዶፓን የመሰለው ሕክምና ሳይዘገይ ይጀመራል። በሽታውን የሚያዘገዩ መድኃኒቶችን የሚፈትኑ ተመራማሪዎችም አስቀድመው የሚፈልጉት እንዲህ ያሉትን ሰዎች ነው።

ስለ መንገሩ ግን ቤተሰብ ይከፋፈላል። ከባድ ዜናን ከታማሚው ደብቆ ለታላቅ ልጅ መንገር በእኛ ዘንድ እንደ ፍቅር ይቆጠራል። እኔ ግን ሰውየው ራሳቸው መጠየቅ አለባቸው እላለሁ፦ «ሌሊት ስለሚሆነው ነገር ሐኪሙ የሚለውን ሁሉ መስማት ይፈልጋሉ ወይስ የሚያስፈልገውን ብቻ?» አንዳንዱ ሁሉን ይፈልጋል፣ አንዳንዱ «ለልጄ ንገሯት» ይላል፤ ሁለቱም መከበር አለባቸው። የሚነገረውም እርግጠኛ ያልሆነ ነገር መሆኑ ይገለጽ፤ ቢመጣም ከዓመታት በኋላ ሊሆን እንደሚችል፣ እስከዚያው እርሻቸውን ማረስ፣ ሱቃቸውን መክፈትና ልጅ መዳር የሚከለክላቸው ነገር እንደሌለ ይስሙ።